የመስኮቱ ሳህን

ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። የወጣ ሰው ግን የለም።

መነጽር ሠሪዋ እንጉዳይ የተዘፈዘፈበትን ጎድጓዳ ሳህን እንዳቀፈች ማድ ቤቱ መሀል ቆማ አዳመጠች። ሳሎን ውስጥ ወንበር ተንቋቋ፤ እማማ ተነሡ። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ እስከ በሩ ሄዱ፣ ከፈቱት፣ ትንሽ ቆሙ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ወንበሩ እንደገና ተንቋቋ።

የዚህ ሊፍት አመሉ ነው። ማንም ሳይጠራው አራተኛ ፎቅ ይመጣና ባዶውን አፉን ከፍቶ ይቆማል። በሌላውም ቀን ያደርገዋል፤ እሑድ ቀትር ላይ ሲሆን ግን ያማል። የሕንፃው ሰው ይቀልድበታል። የከተማውን ሊፍት ሁሉ ሲጠግን የሚውለው ሰውዬ የራሱ ደጃፍ ያለውን አቃተው ይላሉ። ሊፍት ጠጋኙ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፋል። መነጽር ሠሪዋ ያንን ፈገግታ አትወደውም። ከንፈር ላይ የሚቀር፣ ዓይን ድረስ የማይዘልቅ ፈገግታ ነው፤ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስታይ የምትውል ናትና በቀላሉ አትታለልም።

የተዋወቁትም በዓይን ነው። መነጽሩ ላይ ተቀምጦበት ነበር፤ አንደኛው ክንፍ ወደ ሰማይ አንደኛው ወደ ምድር እያየ የምትሠራበት ሱቅ ድረስ ይዞት መጣ። እሷ ክንፉን በእሳት እያለሰለሰች ስታቃና እሱ እጇን ያይ ነበር። ሲከፍል መልሱን ረስቶ ወጣ። በማግስቱ መልሱን ሊወስድ መጥቶ ጃንጥላውን ረሳ። ከዚያ በኋላ የሚረሳው ነገር ሲያልቅበት ሻይ እንጠጣ አላት።

ስለ ሚጢጢ ያልሰማችሁ ካላችሁ ደግሞ ስሙ። ሚጢጢ የሊፍት ጠጋኙ ሚስት ነበረች፤ የእማማ አንድያ ልጅ። ቁመቷ አጠር ስለሚል ነው ስሙ የወጣላት። ፋርማሲ ትሠራ ነበርና እሑድ ተረኛ ስትሆን ዘግይታ ትገባለች። እማማ ታዲያ ዶሮ ሲጠብሱ ከዘይቱ መጀመሪያ የሚወጣውን ቁራጭ ለማንም አይሰጡም። ጠርዟ ሰማያዊ በሆነች ሳህን አድርገው የማድ ቤቱ መስኮት ላይ ያኖሩታል። የመጀመሪያው ገና ላልመጣ ሰው ነው ይላሉ። ሊፍቱ ሲቆም በሩን ከፍተው "መጣሽ?" ይሏታል፤ እሷም ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ መስኮቱ ትሮጣለች። ሥራ በማትገባበት እሑድ ግን ጠባሿ ራሷ ናት፤ እጇ ከእናቷ እጅ ይበልጥ ነበር ይባላል።

አንድ ዝናባማ እሑድ ሊፍቱ ሳይቆም ቀረ። ሚጢጢን መንገድ ስትሻገር መኪና ገጫት። ሳህኗ መስኮቱ ላይ እንዳለች ቀኑ መሸ።

ከዚያ ወዲህም እማማ እሑድ እሑድ ዶሮ ይጠብሳሉ፤ የመጀመሪያውን ቁራጭ ያኖራሉ። ሰኞ ጠዋት ሊፍት ጠጋኙ የደረቀውን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ ለደረጃ ሥር ድመቶች ይወስዳል። እማማም ሳህኗን ባዶ ሲያገኟት ማን ወሰደው ብለው አይጠይቁም። አማትና አማች እንዲህ ሆነው በአንድ ቤት ይኖራሉ። ሚስቴ ሞተች ብሎ እናቷን ትቶ አልሄደም። መነጽር ሠሪዋ መጀመሪያ የወደደችው ለዚህ ነው፤ አሁን ማድ ቤቱ ውስጥ ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መነጽር ሠሪዋ ሥጋ አትበላም። ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ወተቱም፣ እንቁላሉም፣ ቅቤውም፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር አንዱም ከአፏ አይደርስም። ያደገችው ከቄራ አጥር ጥግ ነው። የልጅነት አልጋዋ ከቄራው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ በዚያ ግድግዳ በኩል የምትሰማውን ለማንም ተርካ አታውቅም። እና መጀመሪያ እዚህ ቤት የመጣች ዕለት እማማ ትልቁን ቁራጭ አንስተው ፊቷ ሲያኖሩላት፣ በትሕትና ይቅርታ ጠይቃ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። እማማ ፊታቸው ጠቆረ። ጥብሴን ያልቀመሰ ሰው በዚህ ቤት ምን ይሠራል አሉ፤ ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሟ አይጠሯትም። "ጾመኛዋ" ነው የሚሏት፤ ጾመኛዋ መጣች፣ ጾመኛዋ ሄደች።

ዶሮ የሌለበት የዶሮ ጥብስ ለመሥራት የተነሣችው በዚህ የተነሣ ነው። በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ያልሞከረችው የለም። የስንዴ ሊጥ አቡክታ ውሃው እስኪጠራ አጥባ የቀረውን ላስቲክ የመሰለ ነገር ጠበሰችው፤ የጫማ ሶል ሆነ። ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ ጠበሰች፤ ውስጡ ውሃ አዘለ። በመጨረሻ ያ ሰፋ ሰፋ ያለው፣ ጆሮ የሚመስለው እንጉዳይ ታደጋት። በቢላ ሳይሆን በእጅ ሲቀደድ እንደ ሥጋ ይሰነጠራል። የአኩሪ አተር ወተት ላይ ሎሚ ጨምቃ ሲቋጠርላት እንጉዳዩን እዚያ ዘፈዘፈችው። በእንቁላል ፋንታ ሽምብራ የተቀቀለበትን ውሃ አረፋ እስኪያወጣ መታችው። ሽፋኑ ግን አሁንም ልሙጥ ነበር፤ አይንኮሻኮሽም።

እዚህ ላይ ሊፍት ጠጋኙ ገባበት። ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ ከጎኗ ይቆማል፣ እጇን ያያል፣ እንዲህ አድርጊው ይላታል። ከእርጥቡ በማንኪያ ቀንሰሽ ደረቁ ዱቄት ላይ ጠብ ጠብ አድርጊና በጣትሽ እሺው፤ ፍርፍር ይሁን፤ ያ ፍርፍር ነው እላዩ ላይ ተጣብቆ የሚንኮሻኮሸው። ስታወጪው ደግሞ ማንኪያውን የድስቱ ከንፈር ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጊ፤ ዘይቱ ይንጠፈጠፋል። አደረገች። ሰመረ። እሱ ያን ቀን አንድ ቁራጭ ቀምሶ ለረጅም ጊዜ በመስኮት ውጭውን ሲያይ ቆየ። እሷ ደስ ብሎት መስሏታል።

እማማን ለምኖ ለምኖ አንድ እሑድ ማድ ቤታቸውን አስለቀቃቸው። እሺ፣ ትጥበስ፣ እቀምሳለሁ አሉ፤ ድምፃቸው መርፌ ሊወጋ የተዘጋጀ ሰው ድምፅ ነበር። እነሆ ዛሬ ያ እሑድ ነው። ሊፍት ጠጋኙ ከማድ ቤቱ በር ኋላ የተሰቀለ ሽርጥ አንስቶ ራሱ አሰረላትና ዳቦ ሊገዛ ወረደ። ሽርጡ አጠረባት፤ ከጉልበቷ በላይ ቀረ። የማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ዘይቱ ጋለ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለቀቀችው፤ ዘይቱ ጮኸ። ወርቅ ሲመስል አገላበጠችው፣ ቡናማ ሲሆን አወጣችው። ማንኪያውን የድስቱ ከንፈር ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገች።

"ሚጢጢ?"

ዞር አለች። ሊፍት ጠጋኙ ዳቦውን እንደያዘ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከትከሻው ኋላ እማማ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። የጠራው እሱ ነበር። መነጽር ሠሪዋ ያየችው ዓይኑን ነው። ያ ከንፈር ላይ የሚቀረው ፈገግታ ዛሬ ዓይኑ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ፊቱ በአንዴ ወጣት ሆኖ ነበር። ያንን ደስታ ከተዋወቁ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። አሁን መጣ፤ ለእሷ ግን አልነበረም።

እሷ መሆኗን ሲያይ ደስታው ከፊቱ ላይ እንዴት እንደሚወርድም አየች። ይህንን ባታይ ይሻላት ነበር።

እሳቱን አጠፋች። ሽርጡን ፈትታ ከነበረበት መለሰችው። ቁራጩን የት ታድርገው? እጇ ላይ ቀረ፤ መጨረሻ ላይ መስኮቱ ላይ ባለችው ሳህን አኖረችውና በመካከላቸው አልፋ ወጣች። ሊፍቱ አሁንም አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር። እሱ ውስጥ የምትገባበት ልብ አልነበራትም። በደረጃው ወረደች፤ አራቱንም ፎቅ ያ ጠረን ተከተላት፤ ፀጉሯ ውስጥ፣ እጅጌዋ ውስጥ ነበር። የራሷ እጅ የሠራው ምግብ የሌላ ሴት ሽታ ሸተታት።

* * *

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሣችም። ሱቅ ውስጥ መስታወት ስትሞርድ ትውላለች፤ የመሞረጃው ድምፅ ጥሩ ነው፣ ሐሳብ አያሳስብም። ማታ ክፍሏ ገብታ ደረቅ ዳቦ ትበላለች። ማንኪያ ባነሣች ቁጥር እጇን ታየዋለች፤ የራሷ አልመስል ይላታል። አንድ ቀን ሻይ ስታማስል ማንኪያውን የብርጭቆው ከንፈር ላይ ሁለቴ መታ አድርጋ ራሷን ያዘች። ክው አለች። ብርጭቆውን ሳትጠጣው ደፋችው።

በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ሊፍት ጠጋኙ ሱቁ መጣ። ባለሱቁ ነገሩን ከየት ያውቀዋል፣ ደንበኛ ነው ብሎ ተቀበለው። አዲስ መስታወት ይፈልጋሉ፣ ለኪያቸው አላት። የሁለቱ ዓይን ብሌን ርቀት የሚለካው ደግሞ ለኪና ተለኪ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው ነው። ሌላ መንገድ የለውም።

ማስመሪያዋን አፍንጫው ላይ አደረገች።

"ቀጥ ብለህ እየኝ" አለችው።

"እያየሁሽ ነው።"

"እኔን ነው?"

ይቅርታ አላት፤ አፌን አዳለጠኝ፣ እኔ አይደለሁም የተናገርኩት፣ አፌ ነው አላት።

"አፍህ ቢሆንማ ምን ነበረበት" አለች፤ ድምፅዋን ባለሱቁ እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ። "ዓይንህ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ማንኪያውን መታ መታ አድርጊ ያልከኝ እውነት ለዘይቱ ነበር?"

ዓይኑ ወደ ማስመሪያዋ ወረደ።

"ዱቄቱን በጣትሽ እሺው ያልከኝስ?"

"እሷ ናት እንደዚያ የምታደርገው" አለ በመጨረሻ። "ሳላውቀው ነው። እመኚኝ፣ ተንኮል አልነበረበትም። ከጎንሽ ስቆም የማውቀው የመጥበስ መንገድ እሱ ብቻ ነበር። ማንኪያው ሲመታ የሰማሁት ቀን ነው ለኔም የገባኝ።"

ማስመሪያዋን ከአፍንጫው አላነሣችም። እሱም የጀመረውን ሊያቆም አልቻለም፤ ለማንም ያልተናገረውን ሁሉ እዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ዘረገፈው። ሚጢጢ ከሞተች ወዲህ የዶሮ ጥብስ አፉ ሲገባ ሊያስመልሰው ይደርሳል። የሚበላው ለእማማ ሲል ነው፤ እሳቸውን ከአልጋ የሚያነሣቸው የእሑዱ ጥብስ ብቻ ነውና። ሊፍቱም እንደዚያው። ብልሽቱን ከመጀመሪያው ያውቀዋል፤ የአንዲት የላላች ሽቦ ጉዳይ ናት፣ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ ያልቃል።

"ካጠበቅኋት ግን" አለ፣ "ባዶውን አይቆምም። ባዶውን ካልቆመ እማማ በሩን የሚከፍቱበት ምክንያት የላቸውም።"

"እማማ ብቻ ናቸው?"

"እኔም" አለ። ዓይኑ ሞላ። ብሌኑ ውስጥ ራሷን አየች፤ ትንሽዬ ሆና፣ ተዘቅዝቃ ሳይሆን ቀጥ ብላ፣ ማስመሪያ ይዛ። ዘንበል ብላ ልትስመው የቀራት አንድ ትንፋሽ ነበር። አልሳመችውም።

"ስማኝ" አለችው። "ሌላ ሴት ብትሆን እጣላት ነበር። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ተሽቀርቅሬ እፎካከራት ነበር። ከሚጢጢ ጋር ግን አልችልም። እሷ አታረጅም። አታኮርፍም። ጥብስ አታሳርርም። የሷን እጅ ከፈለግህ እኔ የለኝም፤ እኔ ያለኝ ይሄ ነው" ብላ መስታወት ያሻከረውን ጣቷን አሳየችው። "ሊፍቱን ጠግነው። ለኔ ብለህ አይደለም። ማንም የሌለበት በር የሚከፍቱ እናት ያሳዝኑኛል።"

ተነሣ። ምንም አልረሳም፤ ጃንጥላውንም ይዞ ወጣ። ልኩን ወረቀት ላይ ልትጽፍ ስትል ቁጥሩ ጠፋባት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስታየው የለካችው ነገር አልነበረም። ባለሱቁ ስንት ሆነ ሲላት እንባዋን በመስታወት መወልወያው ጨርቅ እየጠረገች፣ እንደገና መምጣት ይኖርበታል አለችው።

* * *

ቅዳሜ ዕለት የሱቁ ስልክ ጮኸ። ባለሱቁ አንሥቶ እሺ፣ እሺ እናቴ፣ ሲል ቆየና ወደ እሷ ዞረ። አንዲት ትልቅ ሴት መነጽራቸው ብሎኑ ወልቆባቸዋል፣ መውጣት አይችሉም፣ ነገ ቤታቸው ሄደሽ ጠግኚላቸው አላት። አድራሻውን ሲነግራት ልቧ ዘለለ። እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን እሺ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ሕንፃው ሥር ቆመች። ደረጃውን አየችው፣ ሊፍቱን አየችው። በዚያ ሊፍት ብቻዋን ገብታ አታውቅም። ሌላ ሰው ቀድሞ የቆመበት ይመስላታል። ምን ያደርገኛል ብላ ገባች፤ አራትን ተጫነች፤ ሲወጣ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ወለሉን ስታይ ሄደች። ቆመ። በሩ ተከፈተ።

እማማ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። ያለ መነጽር ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። ከእግር እስከ ራሷ፣ ቀስ ብለው።

"መጣሽ" አሉ።

መነጽር ሠሪዋ ከሊፍቱ ወጣች።

"ትናንት ጠገነው" አሉ እማማ። "ከዛሬ ጀምሮ ባዶውን አይቆምም አለኝ። አሁን ሲቆም እኔ ደግሞ፣ እንግዲህ ሰው ነው አልኩ። ግቢ።"

መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ አንዱ ክንፍ ለብቻው። መነጽር ሠሪዋ ትንሿን ካቻቢቴ አወጣች። አየት ስታደርገው የብሎኑ ጥርስ ደህና ነው፣ አልተበላም፣ አልተሰበረም፤ በራሱ የወለቀ ብሎን እንደዚህ አይሆንም። ብሎኑ የት ወደቀ ብላ ጠየቀች። እማማ ፊታቸውን ወደ ማድ ቤቱ አዙረው ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው በመዳፋቸው አቀረቡላት። ሁለቱም ብሎኑን እንጂ እርስ በርስ አልተያዩም። እሷም አሰረችላቸው።

መነጽሩን አድርገው ዳግመኛ አዩዋት።

"ያን ለት እኔም ሚጢጢ መስላኝ ነበር" አሉ። "ድምፁ፣ ሽታው። ልቤ ሊቆም ነው። በኋላ አሻቅቤ ሳይሽ ቁመትሽ የበሩን ጉበን ሊነካ ነው። ልጄ ማንኪያ የምታወርደው ወንበር ላይ ወጥታ ነበር።" ሊስቁ ብለው ተዉት። "ተናደድኩብሽ። እሷ ስላልሆንሽ ነው የተናደድኩት። ይሄ ደግሞ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ያንቺ ጥፋት አይደለም።"

መነጽር ሠሪዋ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ዱቄት ነበር። ያኔ ነው ልብ ያለችው፤ ማድ ቤቱ በዱቄት ተበክሏል፣ ድስቱ ጥግ ያረረ ነገር ተደፍቷል፣ ቤቱ ግን ዶሮ ዶሮ አይሸትም። እንጉዳይ ነው። እማማ በራሳቸው እጅ እንጉዳይ ጠብሰዋል።

"የጠበስሽውን ቁራጭ ቀመስኩት፤ ያን ለት፣ ከሄድሽ በኋላ" አሉ እማማ። "መስኮቱ ላይ ትተሽው የሄድሽውን። ወረደልኝ። ታውቂያለሽ፣ ልጄ ከሄደች ወዲህ ዶሮው ከጉሮሮዬ ወርዶ አያውቅም። ቁራጭ ይዤ እቀመጣለሁ እንጂ አልበላም። የምጠብሰው ለሱ ብዬ ነው። ሲበላ ሳየው፣ ቤቱ ገና አልፈረሰም እላለሁ።"

መነጽር ሠሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። ትናገር ወይስ ትተው? ተናገረች።

"እማማ፣ እሱም አይወርድለትም። ለእርስዎ ሲል ነው የሚበላው።"

እማማ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አሉ። አማትና አማች እሑድ እሑድ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እሳቸው የማይወርድላቸውን ለእሱ ሲጠብሱ፣ እሱም የማይወርድለትን ለእሳቸው ሲውጥ ኖረዋል።

"የፈጀነው ዶሮ!" አሉ እማማ፤ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ልጃቸው ከተቀበረች ጀምሮ እንደዚያ አልቅሰው እንደማያውቁ በኋላ የነገራት ሊፍት ጠጋኙ ነው። መነጽር ሠሪዋ ጉልበታቸው ሥር ቁጭ ብላ ዱቄታም እጃቸውን ይዛ አብራ አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ ራሷን አልጠየቀችም። ለሚጢጢም ነበር። የማታውቃትን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቀቻት።

ሊፍት ጠጋኙ የትናንቱን ጥገና ሊያይ ከወጣበት የጣራው የሞተር ክፍል ወርዶ፣ እጁ ግሪስ እንደሆነ በሩ ላይ ሲደርስ ያገኛቸው እንደዚህ ሆነው ነው።

እማማ እንባቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተነሡ። ወደ መስኮቱ ሄደው ጠርዟ ሰማያዊ የሆነችውን ሳህን አመጡ። አንድ ቁራጭ አለባት፤ ግማሹ ጠቁሯል፣ ፍርፍሩ አንድ ቦታ ተከምሯል።

"የመጀመሪያው ገና ላልመጣ ሰው ነው" አሉና ሳህኑን ዘረጉላት። "እኔ ነኝ የጠበስኩት። እንዳታዪው፣ ብይው።"

መነጽር ሠሪዋ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። ያንን ሁሉ ቅዳሜ ስትለፋ የፈለገችው ይህንን ነበር፤ በዚህ ቤት የሚጠበቅ ሰው መሆን። አሁን እጇ ገብቷል። ሳህኗ ቀዝቃዛ ነበረች፣ ከመስኮቱ የመጣ ቅዝቃዜ። ቁልቁል ስታያት መሀሏ ላይ ሹካ ደጋግሞ የፋቀው ቦታ አለ። እሷ ያልፋቀችው።

ቀና ብላ ሊፍት ጠጋኙን አየችው። እሱም አያት።

"እማማ" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ አቃናችው። "ይሄ የሷ ነው። ይሄን እኔ አልበላበትም፤ መስኮቱ ላይ ይመለስ፣ እንዳለ ይኑር። ለኔ ሌላ ሳህን ይስጡኝ።"

እማማ ብዙ ቆሙ። መነጽራቸው ውስጥ ዓይናቸው ትልቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ተቀየሙ ብላ ፈራች፤ አሁን ሂጂ ይሉኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ሳህኑን ከእጇ ተቀብለው፣ እየሄዱ አንዴ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳበስ አድርገው፣ መስኮቱ ላይ መለሱት። ከዚያ ቁምሳጥኑን ከፍተው ሲያንኳኩ፣ አንዱን አንስተው ሌላውን ሲተኩ ቆዩና ጠርዙ ጫፍ ላይ ትንሽ የተሸረፈ፣ ሰፊ፣ ከማንኛውም የማይመሳሰል ነጭ ሳህን ይዘው መጡ።

"ይሄ ለቁመትሽ ይሆናል" አሉ።

እሳቱን አስነሡ፣ አዲስ ቁራጭ ዘይቱ ውስጥ ለቀቁ። ሲወጣ ማንኪያውን ማንም የድስቱ ከንፈር ላይ አልመታም፤ ዘይቱ እንደፈለገው ተንጠፈጠፈ። ነጩን ሳህን ወደ መስኮቱ አልወሰዱትም። ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ከሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት አኖሩት።

ሊፍት ጠጋኙ ግሪሱን ሳያጥብ ተቀመጠ። መነጽር ሠሪዋ ቁራጩን በጣቷ አነሣችው። ጨው በዝቶበታል፣ እርጥበቱም አልለቀቀም፣ እሷ ብትሠራው ይህን አትቀበለውም ነበር። ትኩስ ግን ነበር፤ ጣቷን አቃጠላት። ጣቷን እፍ እፍ ስትል ቀና ብላ አየችው፤ እያያት ነበር። ፈገግታው ዓይኑ ድረስ ዘልቋል፤ ግራና ቀኝ አላየችም፣ ከኋላዋም ማን አለ ብላ አልዞረችም።